ሙሉውን ዘርዝረን እንቀንስ

(በማኅበራችን መደበኛ ስብሰባ ላይ ስለ ክፍልፋይ አቀናነስ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ሲባል በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ወርኃዊ መዋጮ አይደለም፤ ስለ ድንኳንና ስለ አግዳሚም አይደለም። ስለ ሒሳብ ነው፤ ከሒሳብም ስለ ክፍልፋይ አቀናነስ ነው። ይህን ስንል «ይኸማ የተማሪ ነገር ነው፤ ለልጆች ተዉት» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከመካከላችን ሩብ ኪሎ ቡና ሳይገዛ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት ሳያስቀዳ፣ ሜትር ከሩብ ጨርቅ ሳያስቆርጥ፣ መሬት የእኩል ወይም የሢሶ ሳይሰጥ ወይም ሳይቀበል ዓመቱ የሚያልፍለት ሰው አለ ወይ? የለም። ስለዚህ ክፍልፋይ የተማሪ ነገር ብቻ ሳይሆን የጓዳችን፣ የአውድማችንና የገበያችን ነገር ነው።

ሢሶ፣ እርቦና እኩሌታ የሚሉት ቃላት ከመጽሐፍ አልመጡልንም። በአገራችን በብዙ ቦታ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ይከፍል የነበረው በእነዚህ ስሞች ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በአዋጅ ቁጥር 31 ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ ቃላቱ ግን አልቀሩም። ዛሬም በሬ የሌለው ወይም ጉልበት ያነሰው ሰው መሬቱን ለጎረቤቱ የእኩል ወይም የሢሶ ይሰጣል፤ ምርቱም በአውድማ ላይ የሚከፈለው በእነዚሁ ቃላት ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላጆቻችን ፊደል ሲቆጥሩ፣ ከፊደሉ ጋር ቁጥርም ተምረው ነበር። ሙሉ ቁጥር መደመርና መቀነስ ለብዙዎቻችን የሚያስቸግር አይደለም። ክፍልፋዩን ግን አብዛኞቻችን የተማርነው ከገበያ ነው። ገበያ ደግሞ ጥሩ አስተማሪ ቢሆንም ክፍያው ውድ ነው፤ እያጎደለ ነው የሚያስተምር።

በዚህ ጉዳይ ላይ እንድንናገር ያስገደደንን ነገር እንግለጽላችሁ። ስም አንጠራም፤ ሁለቱም የተከበሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

አንዱ ወጣት ገበሬ በሰኔ ወር ለዘር የሚሆን ጤፍ አጠረውና ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤቱ 5 1/4 ቁና (አምስት ቁና ከሩብ) ተበደረ። ምርት ሲገባ 2 3/4 ቁና (ሁለት ቁና ከሦስት ሩብ) መለሰ። የቀረውን ለመመለስ ሲነጋገሩ ጠብ ተነሣ።

«አያ፣ የቀረብኝ ሁለት ቁና ተኩል ነው» አለ ወጣቱ።

«ሦስት ተኩል ነው እንጂ! ከአምስት ሁለት ሲነሣ ሦስት፤ ከሦስት ሩብ አንድ ሩብ ሲነሣ ግማሽ። ሦስት ተኩል አይደለም ወይ?» አሉ ሽማግሌው።

«አንቱ፣ እንዲህማ አይደለም።»

«እንግዲያስ ልዋሽህ ነው? ታቦት ይመስክር!»

ነገሩ ወደ መሐላ ሊሄድ ሲል ሽማግሌዎች ገቡበት። ከመካከላቸው አንድ አስተዋይ ሰው «መሐላውን እናቆየውና ቁናውን አምጡልን» አሉ። ያው ጤፍ የተሰጠበት ቁና መጣ። አምስት ከሩብ ተሰፍሮ በጆንያ ላይ ተደፋ፤ ከዚያ ላይ ሁለት ከሦስት ሩብ ተነሣ። የቀረው ተሰፈረ። ሁለት ተኩል ሆነ። ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና ተነሥተው ወጣቱን ሳሙት።

እንግዲህ አስቡት። ሽማግሌው አላጭበረበሩም፤ ወጣቱም አላጭበረበረም። የተለያዩት በአንድ ቁና ጤፍ ነው። ነገር ግን ያ ቁና ባይመጣ ኖሮ አንዱ «በላኝ» እያለ፣ ሌላው «ስሜን አጠፋው» እያለ ዕድሜአቸውን በሙሉ ተቀያይመው በኖሩ ነበር። የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል እየተባለ በአንድ ቁና ጎረቤት ማጣት ይገባል ወይ? አይገባም። ሁልጊዜ ደግሞ እህሉን ደፍቶ መስፈር አይቻልም። የተበላ እህል፣ የተቆረጠ ጨርቅ፣ የፈሰሰ ውኃ ተመልሶ አይሰፈርም። ያን ጊዜ የሚቀረን ቁና በራሳችን ውስጥ ያለው ሒሳብ ብቻ ነው።

የስሕተቱ ምንጭ የት ላይ ነው? ሽማግሌው ሙሉውን ቁና በትክክል ቀንሰዋል፤ ከአምስት ሁለት ሲነሣ ሦስት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከአንድ ሩብ ላይ ሦስት ሩብ ማንሣት ሲያቅታቸው ገልብጠው ከሦስት ሩብ ላይ አንድ ሩብ አነሡ። ይህን የሚያደርጉት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። የሚነሣው ቁራሽ ካለው ቁራሽ ሲበልጥ እጃችን ሳናውቀው ይገለብጣል። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ዋና ቃል ይህ ነው፦ ቁራሹ ሲያንስ አትገልብጡ፤ ከሙሉው አንዱን ዘርዝሩ።

መዘርዘር ሁላችንም የምናውቀው ሥራ ነው። ዛሬ ስሙኒ ብዙ ነገር ባይገዛም በስሙኒ እናስረዳ። በኪሳችሁ 5 ብርና 1 ስሙኒ አለ እንበል። ለባለሱቁ 2 ብርና 3 ስሙኒ መክፈል አለባችሁ። ስሙኒው አንድ ብቻ ነው፤ ሦስት አይከፈልበትም። ምን ታደርጋላችሁ? ባለሱቁን «እንተወው፤ አንተ ለኔ ሁለት ስሙኒ ስጠኝ» ትሉታላችሁ ወይ? አትሉትም! ከአምስቱ ብር አንዱን ትዘረዝራላችሁ። አንድ ብር 4 ስሙኒ ይሆናል። አሁን የያዛችሁት 4 ብርና 5 ስሙኒ ነው። ገንዘቡ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ መልኩ ብቻ ተለወጠ። ከ5 ስሙኒ 3 ሲነሣ 2፤ ከ4 ብር 2 ሲነሣ 2። የቀረው 2 ብርና 2 ስሙኒ፣ ማለትም ሁለት ብር ከሃምሳ ነው።

የጤፉም ነገር ይኸው ነው። 5 1/4 ቁና ማለት 4 ቁናና 5/4 (አምስት ሩብ) ማለት ነው። ከዚያ 2 3/4 ሲቀነስ፣ ከ5/4 ላይ 3/4 ሲነሣ 2/4፣ ከ4 ላይ 2 ሲነሣ 2። መልሱ 2 2/4፣ ማለትም ሁለት ተኩል ነው።

ትምህርት ቤት ለሄዱት ልጆቻችን ይህ «ድብልቅ ቁጥር» ይባላል፤ ሙሉ ቁጥርና ክፍልፋይ የተደባለቀበት ስለሆነ ነው። ከላይ የሚጻፈው ቁጥር ስንት ቁራሽ እንደያዝን ይነግረናል፤ ከታች የሚጻፈው ደግሞ አንዱ ሙሉ ስንት ቦታ እኩል እንደተቆረሰ ይነግረናል። አንድ እንጀራ ለአራት ቢቆረስ እያንዳንዱ ቁራሽ 1/4 ነው፤ አራቱ ቁራሽ ተመልሰው ሲገጠሙ አንድ እንጀራ ነው። ይህን የያዘ ሰው የዝርዝሩን ነገር አይስትም፤ ሙሉው በሩብ ሲዘረዘር 4፣ በሢሶ ሲዘረዘር 3፣ በስምንተኛ ሲዘረዘር 8 ቁራሽ ይሆናል።

ከሙሉ ቁጥር ላይ ስንቀንስም ዝርዝሩ ያው ነው። አንዲት እናት ለሁለት ልጆቻቸው የደንብ ልብስ 6 ሜትር ጨርቅ ገዙ እንበል። ለትልቁ 1 3/4 ሜትር፣ ለትንሿ 1 1/2 ሜትር ተቆረጠ። ስንት ቀረ? ስድስቱ ሜትር ሩብ የለውም፤ ስለዚህ አንዱን ዘርዝረን 5 4/4 እንለዋለን። ከዚያ 1 3/4 ሲነሣ 4 1/4 ይቀራል። ቀጥሎ 1 1/2 እናነሣለን። ግማሽ ማለት 2/4 ነው። ከ1/4 ላይ 2/4 አይነሣም፤ እንደገና ዘርዝረን 3 5/4 እናደርገዋለን። ከ3 5/4 ላይ 1 2/4 ሲነሣ 2 3/4 ሜትር ይቀራል። ልብስ ሰፊው «ሁለት ሜትር ቀረሽ» ቢላቸው፣ እናትዬዋ ሦስት ሩብ ሜትር እንደጎደላቸው ወዲያው ይይዙታል።

መልሱን የምንፈትሽበት መንገድ አለን ወይ? አለን፤ ያውም ሁለት።

አንደኛው መልሶ መደመር ነው። የተነሣውና የቀረው ሲደመር መጀመሪያ የነበረውን መስጠት አለበት። በጤፉ ነገር 2 3/4 እና 2 1/2 ሲደመሩ 5 1/4 ይመጣል፤ ልክ ነው። የሽማግሌው 3 1/2 ከ2 3/4 ጋር ሲደመር ግን 6 1/4 ይሆናል። ከአምስት ከሩብ ላይ ተነሥቶ ስድስት ከሩብ የሚሆን እህል በየትኛውም ጎተራ የለም። ይህች አንዲት ፍተሻ ብትደረግ ኖሮ ያ ሁሉ ጠብ ባልተነሣ ነበር።

ሁለተኛው ቋንቋችን ራሱ ያስተማረን ነው። ሰዓት ስንጠየቅ «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» እንላለን። ይህ ምን ማለት ነው? ከሦስት ሩብ ጎድሏል፤ ማለትም 2 3/4 ነው። ስለዚህ ሁለት ከሦስት ሩብ ቁና የመለሰ ሰው «ሦስት ቁና ሩብ ጉዳይ» መልሷል። ከዚያ ወደ ላይ እየቆጠርን እንሂድ። ሦስት እስኪሞላ ሩብ፤ ከሦስት እስከ አምስት ሁለት፤ ከአምስት እስከ አምስት ከሩብ ሌላ ሩብ። ሩብ፣ ሁለትና ሩብ ሲደመር ሁለት ተኩል። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን በገበያ ላይ ቅቤ ሸጠው መልስ ሲሰጡ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ይህ ከትምህርት ቤቱ መንገድ አያንስም፤ ሁለቱንም ሠርቶ አንድ መልስ ያገኘ ሰው በሙሉ ልቡ ይናገራል።

አሁን ደግሞ ትንሽ ከበድ ወዳለው እንለፍ። ቁራሹ አንድ ዓይነት ሳይሆን ሲቀር፣ አንዱ ሢሶ ሌላው ሩብ ሲሆን፣ ምን እናደርጋለን?

ሦስት ጎረቤቶች ለነጭ ሽንኩርት መስኖ የውኃ ሞተር በጋራ ተከራዩ እንበል። ሞተሩ የሚሠራው ከጠዋት እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው። አንደኛው የኪራዩን ሢሶ ከፈለ፤ ሁለተኛው ሩቡን ከፈለ፤ ሦስተኛው የቀረውን። ለመሆኑ ከሢሶና ከሩብ የትኛው ይበልጣል? «አራት ከሦስት ስለሚበልጥ ሩብ ይበልጣል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሰምተናል። እንጀራውን አስታውሱ። ለሦስት ሰው የተቆረሰና ለአራት ሰው የተቆረሰ ቁራሽ የትኛው ይተልቃል? በላተኛ ሲበዛ ጉርሻ ያንሳል። ከታች ያለው ቁጥር ሲበዛ ቁራሹ ይቀጥናል። ስለዚህ ሢሶ ከሩብ ይበልጣል።

በስንት ይበልጣል? ሢሶንና ሩብን በቀጥታ መቀናነስ አይቻልም፤ በመጀመሪያ አንድ ዓይነት ቁራሽ ማድረግ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የቀኑ 12 ሰዓት ይረዳናል፤ 12 ለሦስትም ለአራትም ያለ ትራፊ ይካፈላልና። የ12 ሰዓት ሢሶው 4 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ 1/3 ማለት 4/12 ነው። ሩቡ 3 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ 1/4 ማለት 3/12 ነው። ልዩነቱ 1/12፣ ማለትም አንድ ሰዓት ነው። ለሦስተኛው የሚቀረው ደግሞ ከ12/12 ላይ 4/12 እና 3/12 ሲነሣ 5/12፣ ማለትም 5 ሰዓት ነው። ሦስተኛው ሰው «ሁለቱ ከወሰዱ በኋላ ለእኔ ሢሶ ነው የሚቀረኝ» ብሎ በአራት ሰዓት ቢስማማ ኖሮ አንድ ሰዓት ውኃውን በነጻ ለቀቀ ማለት ነው። በበጋ የአንድ ሰዓት ውኃ ለሽንኩርት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም።

ከዚህ ቀጥለን ወደ አውድማ እንሂድ። እዚህ ላይ ከሒሳቡ በፊት የሚቀድም ነገር አለ።

ሁለት ሰዎች መሬት የእኩል ያዙ። ዘሩን የሰጠው ባለመሬቱ ነው፤ ዘሩ ቀድሞ እንዲነሣለት ተስማምተዋል። ምርቱ 7 1/2 ኩንታል ጤፍ ሆነ፤ ዘሩ 3/4 ኩንታል ነበር። አራሹ ደግሞ በክረምት ከባለመሬቱ 1 1/2 ኩንታል ተበድሯል። አራሹ ስንት ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል?

መጀመሪያ ዘሩ ይነሣ። 7 1/2 ማለት 7 2/4 ነው፤ ዘርዝረን 6 6/4። ከዚያ 3/4 ሲነሣ 6 3/4 ይቀራል። ይህ ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ 3 3/8 ይደርሳል። ስምንተኛው ከየት መጣ? ሩብ ለሁለት ሲቆረስ ስምንተኛ ስለሚሆን ነው። አሁን ብድሩ ይነሣ። 1 1/2 ማለት 1 4/8 ነው። ከ3/8 ላይ 4/8 አይነሣም፤ ስለዚህ 3 3/8 ተዘርዝሮ 2 11/8 ይሆናል። ከ2 11/8 ላይ 1 4/8 ሲነሣ 1 7/8 ኩንታል ይቀራል። በኪሎ ለሚቆጥር፣ ኩንታሉ 100 ኪሎ ስለሆነ 187 ኪሎ ተኩል ነው። አራሹ የሚቀበለው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ ያነሰም የበለጠም አይደለም።

ነገር ግን አስተውሉ። ዘሩ ቀድሞ ሳይነሣ ምርቱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ዘሩ ከአራሹ ድርሻ ላይ ብቻ ይነሣ ቢባል፣ የአራሹ ድርሻ 3 3/4 ይሆንና ከእርሱ 3/4 ሲነሣ 3 ኩንታል ይቀረዋል። በፊተኛው 3 3/8 ነበር። ልዩነቱ 3/8 ኩንታል፣ ማለትም 37 ኪሎ ተኩል ነው። ሁለቱም ሒሳብ ትክክል ነው! የተለየው ውሉ ነው። ስለዚህ ሒሳብ ውልን አይተካም። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው እንደሚባለው፣ ዘሩ ከየት እንደሚነሣ በሰኔ ተነጋገሩ፤ በታኅሣሥ አውድማ ላይ አይሁን። የሚያነብ ልጅ ባለበት ውሉ በሁለት ወረቀት ይጻፍ፤ አንዱ ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው ይሁን።

የቃል ጥያቄ ሲነበብም ሆነ ሲነገር ጥንቃቄ የሚሹ ሦስት ነገሮች እንንገራችሁ።

1ኛ፣ «ሩብ ኪሎ» እና «ሩቡን» አንድ አይደሉም። 3 1/2 ኪሎ ቅቤ አለኝ እንበል። «ሩብ ኪሎ ሰጠሁ» ካልሁ የቀረኝ 3 1/4 ኪሎ ነው። «ሩቡን ሰጠሁ» ካልሁ ግን የሰጠሁት የሦስት ተኩሉን ሩብ፣ 7/8 ኪሎ ነው፤ የቀረኝም 2 5/8 ኪሎ ነው። በአንዲት «ን» ምክንያት ከግማሽ ኪሎ በላይ ቅቤ ወዲያና ወዲህ ይላል። ቅቤ በተወደደበት ዘመን ይህ ቀላል አይደለም።

2ኛ፣ ቃሉ አያሳስታችሁ። «ቀረ፣ ጎደለ፣ ተረፈ፣ ልዩነቱ» ሲባል መቀነስ እንዳለብን እናውቃለን። ግን «ዛሬ ከትናንቱ ሩብ ኪሎ ጨምራ 2 ኪሎ በርበሬ ሸጠች፤ ትናንት ስንት ሸጠች?» ቢባል «ጨምራ» የሚለውን ሰምቶ የሚደምር አለ። የሚፈለገው የትናንቱ ነው፤ የትናንቱ ደግሞ ያንሳል። 2 ሲቀነስ 1/4፣ 1 3/4 ኪሎ ነው። የሚጠየቀውን ነገር በመጀመሪያ ለይቶ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው።

3ኛ፣ መለኪያው አንድ ይሁን። ቁና ከቁና ይለያያል፤ ጣሳ ከጣሳ ይለያያል። የእኔ ክንድና የእናንተ ክንድ አንድ አይደለም። በአንዱ ቁና ተበድሮ በሌላው ቁና የመለሰ ሰው ሒሳቡ ቢሰምርም እህሉ አይሰምርም። ድንጋይ ያለ ልክ ተደራርቦ እንደማይቆም፣ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለውን የጉዛራን ግንብ ዕለት ዕለት የምናይ ሰዎች ልንረሳው አይገባንም። በተሰጠበት ቁና ይመለስ፤ ካልሆነም በሚዛን ይመዘን።

«ለሩብ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው? ሩብ ምን አላት?» የሚል ካለ ዘመን መቁጠሪያችንን ይመልከት። አሥራ ሁለቱ ወራት በ30 ሲባዙ 360 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜን 5 ሲጨመር 365 ይሆናል። ዓመቱ ግን የሚቆጠረው 365 1/4 ቀን ተብሎ ነው። ከ365 1/4 ላይ 365 ሲነሣ ሩብ ቀን ትቀራለች። አባቶቻችን ያችን ሩብ አልጣሏትም፤ አጠራቀሟት። አራት ሩብ አንድ ሙሉ ቀን ስለሚሆን በየአራት ዓመቱ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም. እንደዚያው ሆና ነበር። ያች ሩብ «ምን አላት» ተብላ ብትጣል ኖሮ በ100 ዓመት 25 ቀን ትጎድል ነበር፤ መስከረምም ቀስ በቀስ እየሸሸ ወደ ክረምቱ ይገባ ነበር። የዓመቱን ሩብ ያላቃለሉ ሰዎች ልጆች ነን፤ የጎረቤታችንን ሩብ ልናቃልል አይገባም።

በመጨረሻ ወደ ማኅበራችን ዕቃ ቤት እንመለስ። የማኅበሩ መዝገብ ለጸሐፊውና ለንብረት ያዡ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ የእናንተ ነው። እስቲ አንድ ገጽ ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። ለልቅሶ ቤት የሚሆን በርበሬ 12 1/2 ኪሎ ገባ። ለአንደኛው ልቅሶ 4 3/4 ኪሎ ወጣ፤ ለሁለተኛው 3 1/4 ኪሎ ወጣ። ስንት መቅረት አለበት? 12 1/2 ማለት 12 2/4 ነው፤ ሲዘረዘር 11 6/4። ከዚያ 4 3/4 ሲነሣ 7 3/4። ከ7 3/4 ላይ 3 1/4 ሲነሣ 4 2/4፣ አራት ኪሎ ተኩል። በሌላ መንገድ እንፈትሽ፤ የወጣው ሁለቱ ሲደመር 8 ኪሎ ነው፤ ከ12 1/2 ላይ 8 ሲነሣ 4 1/2። ገጠመ።

ይህን መሥራት የሚችል አባል ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛ፣ ማንም አያታልለውም። ሁለተኛ፣ እርሱም ማንንም በከንቱ አይጠረጥርም። እኛ የምንፈራው ከሌባ ይልቅ ይህን ሁለተኛውን ነው። ንብረት ያዥ ሆኖ የሚያገለግል ሰው ደመወዝ የለውም፤ ደመወዙ ስሙ ነው። መቀነስ የማይችል ሰው በመንገድ ላይ «በርበሬው ጎድሏል አሉ» ብሎ ቢያወራ፣ ያ ስም በአንድ ቀን ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉን የሚረከብ ሰው አናገኝም። የሚቆጥር አባል ለመዝገቡ ጠባቂ ነው፤ ለመዝገብ ያዡም መከታ ነው። ስለዚህ ማንኛውም አባል መዝገቡን ጠይቆ እንዲያይ፣ ቆጥሮም እንዲፈትሽ ከልብ እንጋብዛለን። የጠየቀን ሰው አንቀየምም፤ ይልቁንም እናመሰግናለን።

ለየቤታችሁ ሦስት ጥያቄ ትተናል። ማታ ከልጆች ጋር ሆናችሁ ሞክሩት፤ ልጆቹ በትምህርት ቤቱ መንገድ፣ ታላላቆች በቆጠራው መንገድ ይሥሩና ይገጥም እንደሆነ ተያዩ።

1. ለድንኳን ከተገዛው 20 ሜትር ገመድ 6 3/4 ሜትር ተቆረጠ። ስንት ቀረ?

2. የአንድ ሰው የውኃ ተራ 4 1/3 ሰዓት ነው። 1 1/2 ሰዓት ተጠቀመ። ስንት ሰዓት ቀረው?

3. አንዲት እናት 2 1/4 ኩንታል ነጭ ሽንኩርት አላቸው። ሢሶውን ሸጡ። ስንት ቀራቸው? (ሢሶ ኩንታል ሳይሆን ሢሶውን መሆኑን አትርሱ።)

መልስ፦ የ1ኛው 13 1/4 ሜትር ነው። የ2ኛው 2 5/6 ሰዓት፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው፤ ሢሶና ግማሽ አንድ ዓይነት ቁራሽ የሚሆኑት በስድስተኛ ነው። የ3ኛው 1 1/2 ኩንታል ነው፤ የተሸጠው 3/4 ኩንታል ስለሆነ።

መልሱን ቀድሞ ያየ ሰው ምንም አልተጠቀመም፤ ደጋግሞ የሠራ ይጠቀማል። ያልገባው አባል ካለ ዘወትር ከስብሰባ በኋላ ጥቂት ቆይተን አብረን እንሠራለን፤ እርሳስና ወረቀት ከእኛ ነው። ዕድሜ ገፋብኝ ብሎ የሚያፍር አይኑር። የሚበደርና የሚያበድር፣ የሚያካፍልና የሚካፈል ሰው ሁሉ ይህ ትምህርት ያስፈልገዋል።



የማኅበሩ ጸሐፊ
እንፍራንዝ